«ይቺ ልጅ ጠበቃ ነው የምትሆነው!»

ምላሷ የማያርፍ ልጅ ባለችበት ቤት ሁሉ ይህ ቃል ይነገራል። ዳቦው እኩል አልተቆረሰም ብላ ስትሟገት፣ «ዕቃ እጠቢ» ስትባል «ለምን ሁልጊዜ እኔ? እሱስ እጅ የለውም?» ስትል አባት ይስቅና ዕጣዋን ይነግራታል። አያትም ቡናዋን እየቆላች «እንዳፍህ ያድርግልን» ትላለች። ቀልዱ ለዓመታት ሲደጋገም ይኖርና ልጅቷ አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ድንገት ቀልድነቱ ይቀራል። ምርጫ ይመጣል፤ ወረቀት መሞላት አለበት።

በባሌ ደጋ ይህን ምርጫ የያዙ ቤተሰቦች ከብዙ ቦታ የሚለዩበት ነገር አለ። የሕግ ትምህርቱ ደጃቸው ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ሮቤ ውስጥ ሲሆን ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ሕግ ነው። ሮቤ የዞኑ ዋና ከተማ በመሆኗም ፍርድ ቤቱ፣ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው ሁሉም እዚያው ናቸው። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከፍ ብላ ያለችው ጎባ ግን ልጆችን ወደ ሌላ ትጠራለች። የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል የሚገኘው እዚያ ነውና፣ ነጭ ጋውን የለበሱ የጤና ተማሪዎች በመንገድ ሲያልፉ የሚያይ ወላጅ ልጁን በዚያ ጋውን ውስጥ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሐኪም ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ያልታመመ ቤተሰብ የለምና። የሕግ ባለሙያን ሥራ ግን ችግር ካልደረሰበት በቀር በቅርብ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህም ስለ ሕግ ትምህርት የምንወስነው አብዛኛውን ጊዜ ከፊልም ባየነው፣ ከጎረቤት ክስ በሰማነውና በልጁ ምላስ ላይ ተመርኩዘን ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስተው የመጨረሻው ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ግን የጊዜውን ነገር እናንሳ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነውና። ሕግ የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው ብሎ የሚጠብቅ ወላጅ አለ። በተለመደው አሠራር ወደ ሕግ የሚያደርሰው የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ነው፤ ልጁ ማኅበራዊ ወይም ተፈጥሮ ሳይንስ ብሎ የሚለየው ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው። ስለዚህ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ሳያውቀው፣ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። «ሒሳብ ስለከበደው ማኅበራዊ ይግባ፣ ከዚያ ሕግ ይማራል» የሚለውም አይሠራም። ማኅበራዊውም ሒሳብ ይፈተናል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሃምሳ በመቶ ማምጣት ምን ያህል እንደከበደ አይተናል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ያለፈውም ቢሆን በቀጥታ ሕግ ክፍል አይቀመጥም። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ከዚያ ውጤቱ ታይቶ ይወዳደራል። ሕግ ብዙ ተማሪ ከሚሻማባቸው ክፍሎች አንዱ ስለሆነ የፍሬሽማን ውጤት ቀልድ አይደለም። ምደባው አገር አቀፍ እንደመሆኑም የሮቤ ልጅ ሮቤ ይማራል ማለት አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ከቤቱ አጥር ጀርባ ሆኖ ልጁ ሌላ ክልል ሊመደብ ይችላል። ሁሉም ተሳክቶ ቢገባ ሕግ የአምስት ዓመት ትምህርት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው የሚከፍለው ማለት ነው። እግረ መንገዴን ልበልና፣ ሕግ እማራለሁ የሚል ልጅ በሕይወቱ የሚፈርመው የመጀመሪያ ውል ይኸው ሊሆን ስለሚችል ሳያነብ እንዳይፈርም ንገሩት። አንብቦ ከጠየቃችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ተናጋሪ ልጅና አንባቢ ልጅ

ሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚደነግጥ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጠው በንባቡ ብዛት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3,367 አንቀጾች አሉት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 865 አንቀጾች አሉት። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች ብቻ ስላሉት እንደ ዕረፍት ይቆጠራል። በዚህ ላይ የሥነ ሥርዓት ሕጎቹ፣ የንግድ ሕጉ፣ የግብር አዋጆቹ፣ የቤተሰብ ሕጉ፣ የሰበር ውሳኔዎቹ አሉ። ይህን ሁሉ በቃል መሸምደድ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው የትኛው አንቀጽ ከየትኛው ጋር እንደሚጣረስ ማየት፣ «እና» እና «ወይም» መካከል ያለውን ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ ማሰላሰል፣ ከዚያም ያሰቡትን በጽሑፍ ማስረዳት ነው። አንድ ጠበቃ ችሎት ፊት ቆሞ የሚናገረው አሥር ደቂቃ ላይሞላ ይችላል፤ ለአሥሩ ደቂቃ የሚያነበውና የሚጽፈው ግን ቀናት ይወስዳል። ለዚያውም ብዙው ክርክር በጽሑፍ ነው፤ ክሱም መልሱም ይግባኙም ወረቀት ነው።

በዚህ ምክንያት ቤት ውስጥ ሁሉንም የሚረታው ልጅ ጥሩ የሕግ ተማሪ ላይሆን ይችላል። ጥግ ይዞ ጋዜጣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር የሚያነበው፣ ሲጠየቅ «ቆይ ላስብበት» የሚለው ዝምተኛ ልጅ ሊበልጠው ይችላል። ተከራካሪ ልጅ ማሸነፍ ይወዳል፤ የሕግ ትምህርት ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስተምረው የሌላውን ወገን ክርክር ከባለቤቱ በተሻለ ማቅረብን ነው። ልጃችሁ በወንድሟ ቦታ ሆና የወንድሟን ጉዳይ መከራከር ትችላለች? ይህን አንድ ቀን እራት ላይ ሞክሩት። በቁጣ ከተነሣች ገና ነው፤ ከሳቀችና ከጀመረች ነገሩ ሊያስደስታት ይችላል።

መጨረሻ ላይም ፈተና አለ። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን የለመዱት ሌሎች ክፍሎች ከመጀመራቸው ከዓመታት በፊት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግዴታ ሆኗል። አምስት ዓመት የተማረውን በአንድ ፈተና መልሶ ማሳየት የሚያስጨንቀው ልጅ እንዳለ ሁሉ፣ ከአምስቱ ዓመት ይልቅ የመጨረሻዋን ቀን የሚፈራ ወላጅም አለ። እሱን ፍርሃት ለጊዜው ተዉት።

ሦስት ቋንቋ ያስፈልገዋል

በባሌ ላሉ ቤተሰቦች ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ፣ ሲወራበት የማይሰማው፣ ቋንቋ ነው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ፣ ፈተናው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ተመርቆ ሮቤ ፍርድ ቤት ሲቆም ግን ችሎቱ የሚካሄደው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና ክሱም፣ የምስክር ቃሉም፣ ውሳኔውም በዚያ ይጻፋል። ጉዳዩ በሰበር አቤቱታ እየወጣ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ቋንቋው አማርኛ ይሆናል። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአገሪቱ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ይገዛል፤ ውሳኔዎቹ የሚጻፉትም በአማርኛ ነው። እንግዲህ የሲናናው ስንዴ ገበሬ ልጅ፣ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ልጅ፣ እንግሊዝኛውን በመከራ ተምሮ ሲያበቃ አማርኛው ይጠብቀዋል። አማርኛ ስትናገር ያደገችው የጎባ ልጅ ደግሞ በከተማዋ ፍርድ ቤት ለመሥራት የአፋን ኦሮሞ ጽሑፏ ከገበያ ቋንቋ ከፍ ማለት አለበት። ሰላምታ መስጠትና ዕቃ መግዛት ሌላ ነው፤ የመከላከያ መልስ መጻፍ ሌላ ነው።

የሕጉ አማርኛ ራሱ ለአማርኛ ተናጋሪውም እንግዳ ነው። «ባለገንዘብ» ሲባል ሰው ሁሉ ሀብታም ይመስለዋል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ባለገንዘብ ማለት የሚጠይቀው ዕዳ ያለው፣ ገንዘቡ ሌላው እጅ የሚገኝ ሰው ነው። ኪሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለውን ክስ የሰማ ልጅ ሰልፍና ድንጋይ ውርወራ ያስባል፤ ነገሩ ግን ጎረቤት ድንበር ገፍቶ ሲያርስብህ ወይም አጥርህን ሲያፈርስ የምታቀርበው አቤቱታ ነው። በባሌ ደጋ፣ ስንዴና ገብስ እስከ ድንበሩ ጠርዝ በሚዘራበት አገር፣ ከዚህ የበለጠ የታወቀ ጠብ የለም።

አያቶች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ልጁን እንግሊዝኛ ማስጠናት ባይችሉ፣ ሌላውን ቋንቋ ግን ከቤት ሊያወጡለት ይችላሉ። የልጅ ልጃችሁ አማርኛ የሚከብደው ከሆነ ጋዜጣ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ አፋን ኦሮሞ የሚከብዳት ከሆነች ደግሞ ተረቱንም እርቁንም በዚያው ቋንቋ አውሯት። ሁለት ዓመት የሚያህል እንዲህ ያለ ልምድ፣ ልጁ ሕግ ባይማር እንኳ፣ ባሌ ውስጥ ለሚሠራው ለማንኛውም ሥራ ይተርፈዋል።

አያቱም ዳኛ ነበሩ

ስለ ሕግ ስናወራ ልጆቻችን ነገሩ ከኛ ቤት ውጭ ያለ፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ እንዳይመስላቸው መጠንቀቅ አለብን። ሮቤና ዲንሾ፣ አዳባና ጎባ ውስጥ ሽማግሌ ሆነው የማያውቁ አያት ጥቂት ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የሌላው ከብት የበላው አዝመራ፣ የደም ጉዳይ ሳይቀር ዛፍ ሥር ተሰምቶ ይታረቃል። የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ ጠብ እንደሚቆም እዚህ ያደገ ሰው ያውቃል። የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። ዛሬ ሕግ የሚማር የባሌ ልጅ የሚሠራው ከነዚህ ሽማግሌዎች ጎን ነው፤ ሲጎዳኙም ሲጋጩም ማየት አለበት። በተለይ ሽምግልናው በሴቷ ላይ ሲከብድባት።

እዚህ ላይ በጎረቤት አርሲ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በ1980ዎቹ ማብቂያ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠልፈው ወሰዷት፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በአገሩ ልማድ የጠለፈ ሰው ሽማግሌ ልኮ ያገባ ነበር። ሕጉም ቢሆን አላዳናትም ነበር፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ መንገድ ካገባት እንዳይከሰስ በር ይከፍት ነበርና። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ታሪኩ «ድፍረት» በተባለው ፊልም መነሻ ሆኗል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን የጋብቻ ማምለጫ አስቀረው። ማኅበሩን ከመሠረቱትና በዚያን ጊዜ ከመሩት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ይህን ያነሣሁት ሴት ልጃችሁ ሁሉ መዓዛ አሸናፊን ትሆናለች ብዬ አይደለም። «ሴት ልጅ ችሎት ለችሎት ምን ያንከራትታታል?» የሚል አያት ካለ፣ የልጅ ልጁ ከትምህርት ቤት በሰላም እንድትመለስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ችሎት ለችሎት የተንከራተቱ ሴቶች ድካም መሆኑን እንዲያውቅ ነው።

ለባሌ አረጋውያን ደግሞ ሕግ ሌላ ትዝታ አለው። በንጉሡ ዘመን ለብዙው አርሶና አርብቶ አደር ሕግ ማለት መሬት የሚለካበት ቀላድና የማያነበው የግብር ደረሰኝ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በዋቆ ጉቱና በሌሎችም የተመራው የባሌ አመፅ ካነሣሡት ነገሮች ዋናዎቹ የመሬት መነጠቅና የግብር ጫና እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ተባለ። ከዚያ ወዲህም የመሬት ሕግ ደጋግሞ ተለውጧል፤ የቅርቡ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። ኮምባይነር ገብቶ ስንዴ በሚታጨድበት በሲናና ሜዳ የመሬት ኪራይ፣ የእኩል እርሻ፣ የውርስ ክፍፍል ክርክር አይጠፋም። ውሉ ግን ብዙ ጊዜ በደብተር ቅጠል ላይ ይጻፋል፤ ወይም አይጻፍም።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር፤ በየቤቱ ያለ ነውና። አባት ሲሞት ታላቅ ወንድም ቤቱን ይይዛል። እኅት በሐዘን ጊዜ ንብረት ማንሣት ነውር ነው ብላ ዝም ትላለች። ተዝካሩ ወይም ሰደቃው ያልፋል፤ ዓመት ይተካል፤ ወንድምም «እንነጋገራለን» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ወራሽነቷንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀችበት ጊዜ አንሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀች፣ ወንድሟ «ይርጋ» ብሎ ክሱን ሊያስቆም ይችላል። በጨዋነቷ መብቷን አጣች ማለት ነው። አንድ የሕግ ተማሪ ያለበት ዘመድ ውስጥ ይህ እንዳይሆን የሚያደርግ ሰው አለ፤ ተማሪው ጠበቃ ሳይሆን ገና ሦስተኛ ዓመት ሳለ። እውነቱን ለመናገር ከሕግ ትምህርት ለቤተሰብ ቶሎ የሚደርሰው ጥቅም ገንዘቡ ሳይሆን ይኼ ይመስለኛል።

ዲግሪው ፈቃድ አይደለም

ገንዘቡን ካነሣን፣ ሳናባብል እንናገር። የተመረቀ ዕለት ልጁ ጠበቃ አይደለም። ጥብቅና ፈቃድ ይፈልጋል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተደነገገውን ማሟላት አለበት፤ ፈተናም ልምድም ይጠየቃል። ለክልሉ ፍርድ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሆን ለሚፈልግም ኦሮሚያ ውስጥ ውድድርና ሥልጠና አለ፤ ለዚህ የተቋቋመው የሕግ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት አዳማ ነው። ስለዚህ አምስቱን ዓመት የቆጠረ ወላጅ ከዚያ በላይ ጥቂት ዓመታት ይጨምርበት።

ሥራው ግን ችሎት ብቻ አይደለም። ባንክና ኢንሹራንስ ነገረ ፈጅ ይቀጥራሉ። የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የገበሬዎች ዩኒየን፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሕግ ሰው ያስፈልጋቸዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ የሚኖረው ሰው፣ ግጦሹና ደኑ የሚያስነሡት ጥያቄ ከሥነ ሕይወት ባለሙያ እኩል የሕግ ባለሙያም የሚጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ ግን ቤት አያሠራም። «ጠበቃ ሀብታም ነው» የሚለው የብዙ ዓመት ስም ያተረፉ ጥቂቶችን አይቶ የተባለ ነው።

ከገንዘቡ የሚከብድ ሌላ ፍርሃት አለ፤ አያቶች ዘንድ በተለይ። ፍርድ ከባድ አማና ነው የሚሉ የሙስሊም አባት፣ «ሳይገባኝ ፈርጄ በነፍሴ እጠየቃለሁ» የሚሉ የኦርቶዶክስ እናት ልጃቸው ዳኛ እንዲሆን ሲፈሩ በሁለቱም ቤት ያለው ፍርሃት አንድ ነው። «ሌባን ልትከላከልለት ነው?» የሚለውም አለ። «ባለሥልጣን ቢያዝዛትስ? ጉቦ አልቀበልም ብላ ቢጠምዷትስ?» የሚለውም። ይህ ሁሉ ተራ ፍርሃት አይደለም፤ ልጁም ሊሰማው ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር ለማንም አይገዛም ይላል፤ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በጠበቃ የመወከል መብት አለው፤ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል ይላል። ሌባ የተባለው ሰው ሌባ መሆኑ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱ ይህን ይላል፤ ኑሮው ሁልጊዜ እንደ ወረቀቱ አይደለም። ልጁ ይህን ልዩነት ከወላጁ አፍ ቢሰማ ይሻለዋል። ሰምቶም እገባበታለሁ ካለ ያወቀ ልጅ ነው።

የማልስማማበት ምክር አንድ አለ፤ «ሌላ ክፍል ካልደረሰው ሕግ ይግባ፣ ተከብሮ ይኖራል» የሚለው። ንባብ የሚጠላ ልጅ ለክብር ብቻ አምስት ዓመት አይቆይበትም፤ ቢቆይም ባለጉዳይ ይጎዳበታል። ሐኪም ሲሳሳት የምንፈራውን ያህል የጠፋች የይግባኝ ቀን ቤት እንደምታፈርስ አናስብም። የተገላቢጦሹም ደስ አይለኝም። ልጁ እየለመነ «ሕግ ጠላት ያበዛል» ብሎ መከልከል። ጠላትን የሚያበዛው ያልተጻፈ ውል ነው።

አንድ ጠዋት

ውሳኔው ከመደረሱ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ እመክራለሁ፤ ከታክሲና ከሻይ በቀር ወጪ የለውም። ትምህርት በሌለበት ቀን፣ የሥራ ቀን ሆኖ፣ ልጁን ይዛችሁ ሮቤ ፍርድ ቤት ሂዱ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በዝግ እንዲሰማ የታዘዘ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ገብቶ መቀመጥ ይቻላል። ስልክ ይዘጋ፤ ዳኛው ሲገባ መነሣት ነው። ፊልም ላይ እንዳለው ክርክር አትጠብቁ። መዝገብ ይጠራል፤ አንዱ ወገን አልቀረበም ይባላል፤ ምስክር አልመጣም ተብሎ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ሩቅ ቀበሌ ሆነው ሌሊት የተነሡ አዛውንት ዘንጋቸውን ይዘው ተመልሰው ይወጣሉ። ከዚያ አንድ ጉዳይ ይመጣል፣ ተራ የሚመስል፣ የአጥር ወይም የቀለብ፤ ዳኛዋ አንድ ጥያቄ ትጠይቅና ክፍሉ ጸጥ ይላል። ልጁ በዚያች ደቂቃ ወንበሩ ጫፍ ላይ መጥቶ እንደሆነ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያይ እንደሆነ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ያውቃል።

ሁለተኛው ሙከራ ቤት ውስጥ ነው። ሳጥን ውስጥ ከተቀመጡት ወረቀቶች አንዱን፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ወይም የቤት ኪራይ ውሉን፣ ስጡትና አንብቦ ለአያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲያስረዳ ጠይቁት። አያት ከገባቸው ይመስክሩ። ካልገባቸው ደግሞ ልጁ ተናድዶ ይተወው ወይስ እንደገና ከላይ ይጀምረው እንደሆነ ተመልከቱ። በነገራችን ላይ፣ በዚህ አጋጣሚ ደብተሩ ላይ የእናትም ስም ይኑር አይኑር ቤተሰቡ ያያል።

ሦስተኛው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈልጉ። የሚያውቃችሁ ዐቃቤ ሕግ፣ ነገረ ፈጅ ወይም ጀማሪ ጠበቃ ካለ ልጁ ብቻውን ሄዶ ይጠይቀው፤ እናንተ ካላችሁበት ሰውየው ለእናንተ ሲል ያሳምረዋል። በተለይ ከተመረቀ ሁለት ሦስት ዓመት የሆነውን ይጠይቅ። ሃያ ዓመት የሠራው የጀመረበትን ረስቶታል።

ከችሎት ስትወጡ ሻይ ቤት ግቡ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ደጋው ብርድ ነው። ያየችውን እስክትነግራችሁ ድረስ እናንተ ያያችሁትን አትንገሯት፤ ዝም ካለች ስኳሩን እያማሰለች ትቆይ። ምናልባት መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ስለ ዳኛዋ ላይሆን ይችላል። ዘንጋቸውን ይዘው የተመለሱት አዛውንት በቀጠሮው ቀን እንደገና ያን ሁሉ መንገድ ይመጡ እንደሆነ ትጠይቅ ይሆናል።